አንድ እግር ያጠበው ዲያቆን

የሄድኩ ዕለት ማታ ዝናብ ነበር። ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ የሰፈራችንን ኮረኮንች ወንዝ አድርጎታል፤ ባለታክሲው "እኔ ሽሮ ሜዳ አስፋልቱ ላይ ነኝ፣ ወደ ውስጥ አልገባም፣ በቃ!" እያለ ደጋግሞ ይደውላል። ቤት ውስጥ ደግሞ የካቶሊክ ቁምስናችን የጸሎት ማኅበር በሙሉ ተጠቅጥቆ መቁጠሪያ ይደግማል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዮሴፍ ጸሎት መጀመር እንጂ መጨረስ አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ልጅህን ወደ ቅዱሳን ሀገር ስትሸኛት..." ይላሉ፣ ስልኬ ይጮኻል። "እንደ አብርሃም ከዘመዶቿ ለይተህ..." ይላሉ፣ ስልኬ ይጮኻል። በመጨረሻ እናቴ፣ "ጋሽ ዮሴፍ፣ አብርሃም የሄደው በእግሩ ነው፣ እሷን አውሮፕላኑ ጥሏት ይሄዳል" ብትላቸው ነው አሜን የተባለው።

ቅዱሳን ሀገር የተባለችው ጣልያን ናት። እኔም አምኜ ነበር።

የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ጠዋት ጠዋት የቁምስናችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ዕለታዊ አስተንትኖ" የሚል ጽሑፍ ስታነቡ፣ አሜን ስትሉ፣ የተጣመሩ እጆችና የሚበር ርግብ ስትልኩ ኖራችኋል። ተርጉሜ የምልከው እኔ ነበርኩ። የሚጽፈውን ሰው ግን አታውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ፣ እናቱ ቤት ሰርቻለሁ፣ ገላቸውን ያጠብኩ ነኝ። እንግዲህ ስሙኝ።

እኔ አሰለፈች ነኝ፣ የሸማኔው የዳና ልጅ። አባቴ ሲሞት ዊንጌት አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ በማገላበጥና ወለል በማጠብ እናቴንና ወንድሜን ተክሌን እየደገፍኩ እኖር ነበር። አንዲት ሲስተር ናት፣ "ጣልያን ሀገር አንዲት አሮጊት የሚጦራቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ ልጃቸው ዲያቆን ነው፣ መልካም ካቶሊክ ቤተሰብ" ብላ ያገናኘችኝ። እናቴ ዲያቆን ሲባል የመሰላት ቅዳሴ ላይ ሻማ የሚይዝ ጎረምሳ ነው። "እና እናቱ እንዴት አሮጊት ሆነች?" ብላ ተጨነቀች። የነሱ ዲያቆን ግን ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ሚስት ያገባ፣ ቦርጭ ያወጣ፣ በጡረታው እሁድ እሁድ የሚሰብክ ሰውዬ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ስሙ ጃንፍራንኮ ይባላል። ሻንጣዬን አላገዘኝም፣ ግን ግንባሬ ላይ አማተበልኝ። መኪና ውስጥ ስሜን ሶስት ጊዜ ሞከረና ተወው። "በጣም ከባድ ስም ነው። ግራዚያ ብለን እንጥራሽ። ጸጋ ማለት ነው፣ አንቺ ለእናቴ ጸጋ ሆነሽ መጣሽላት" አለኝ። አባቴ ካወጣልኝ ስም ከአየር ማረፊያው መኪና ማቆሚያ ሳልወጣ ተሰናበትኩ።

ስሜን የነጠቀኝ እሱ ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እነሱ ሶጆርኖ የሚሉትን፣ ለማውጣት ፖሊስ ጣቢያ ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። መስታወቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"የቤተሰብ ስም?"

"ዳና።"

"አባትሽም ዳና ነው?"

"አባቴ ዳና ነው። ዳና ኩማ።"

"ታዲያ የቤተሰቡ ስም ኩማ ነው።"

"ኩማ አያቴ ነው።"

"እናትሽስ?"

"እናቴ የራሷ አባት አላት።"

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ማለት አንድ ቤት ውስጥ እየኖራችሁ የሁላችሁም ስም ይለያያል?"

"ሁላችንም እንተዋወቃለን እኮ" አልኩት።

አልሳቀም። እዚያ ሀገር መስሪያ ቤት ውስጥ የሚስቅ ሰው አላየሁም። መንገድ ላይም ሰው ሰላም አይልም። ለውሻ ግን ጎንበስ ብለው፣ ስሙን ጠይቀው፣ ጤናውን አጣርተው ነው የሚያልፉት። እኛ ሰፈር ከቤት አስፋልት እስክደርስ ድረስ ስንት ሰው "እንዴት አደርሽ" ብሎ እንደሚያቆመኝ ሳስበው፣ ያኔ እየተበሳጨሁ ማለፌ ይገርመኛል። ቅዳሴያቸውስ? እናቴ "የጳጳሱ ሀገር ነው፣ ቦታ እንዳታጪ በጊዜ ሂጂ" ብላኝ ነበርና የመጀመሪያው እሁድ ቀድሜ ሄድኩ። ሺህ ሰው የሚይዝ ቤተ ክርስቲያን፣ እብነ በረድ፣ ወርቅ፣ መላእክት ጣሪያው ላይ ተኝተው፤ ታች ያለነው እኔና ጥቂት አሮጊቶች፣ አንዷ ውሻዋን አቅፋ። ከበሮ የለ፣ እልልታ የለ። ካህኑ ባቡር የሚያመልጠው ይመስል ጨረሰና ወጣ። ጋሽ ዮሴፍን የናፈቅኩት ያን ቀን ነው፣ ይቅር ይበለኝ።

አሮጊቷ ሲኞራ ኤልቪራ ይባላሉ። ሶስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እግራቸው አብጦ መራመድ አይችሉም፣ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። የመጀመሪያ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ምግብ መስራት ትችያለሽ?" አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። "እኔ አልችልም፣ ባሌ በኔ ምግብ ነው የሞተው" አሉኝ። ወደድኳቸው። የሚበሉት ግን፣ አቤት! ጤፍ የምታክል ፓስታ በሙቅ ውሃ ውስጥ እየዋኘች፣ በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት የለ። እኛ ቤት ይህን ለሕፃን ብናቀርብ ሕፃኑ ይቆጣል። ጭጋጉ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አይለቅም። የጉለሌ ጉም ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የነሱ ግን እንደ ተከራይ ነው፣ ገብቶ ይቀመጣል።

ዲያቆኑ ከእናቱ ቤት በመኪና ሃያ ደቂቃ የሚርቅ ቦታ ይኖራል። አይመጣም። ማታ ማታ ግን ሳያቋርጥ ይደውላል፤ ለእናቱ ሳይሆን ለእኔ። "ግራዚያ፣ ማማ እንዴት ዋለች? ምን አለች? ምን አደረግሽላት?" ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ልቡ እዚህ ነው እያልኩ ሁሉን እነግረው ነበር፤ ምን እንደበሉ፣ ሌሊት ባላቸውን በሕልም አይተው ምን እንዳሉ፣ እግራቸውን ሳጥብ "ይሄ እግር አንድ ጊዜ ዳንስ ያውቅ ነበር" ብለው እንደሳቁ።

ጠዋት ደግሞ አስተንትኖው ይደርሳል። ለብዙ ሰው ነው የሚልከው፤ የዕለቱን ወንጌል ይጠቅስና ስለ ምሕረት፣ ስለ ስግደት፣ ስለ ትሕትና ይጽፋል። ለእናቱ ጮክ ብዬ ማንበብ ከሥራዬ አንዱ ነበር። ሲስተሯ ካስተማረችኝ ጥቂት ቃል ሌላ ቋንቋውን የተማርኩት በሱ ነው። ሱቅ ገብቼ ሽንኩርት መጠየቅ ሳልችል "የማይነገር የመለኮት ቸርነት" ማለት እችል ነበር። ቆንጆ ይጽፋል፣ አልዋሽም። ወደ አማርኛ መልሼ ለተክሌ ላክሁለት፣ ተክሌ ለእናቴ አነበበላት፣ ጋሽ ዮሴፍ ሰሙና ግሩፕ ላይ አወጡት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ባረፍድ "እህታችን፣ የዛሬው ቀረ?" ትሉኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ወንጌል ነው። "ትናንት የእናቴን እግር አጠብኩ" ይላል። "ያበጠውን፣ የደከመውን እግር በእጄ ይዤ ሳለ እናቴ ሳቀችና፣ ይሄ እግር አንድ ጊዜ ዳንስ ያውቅ ነበር አለችኝ። በዚያች ቅጽበት ምሕረት ምን እንደሆነ ገባኝ።"

ስልኩን ዝቅ አደረግኩ።

"ቀጥዪ እንጂ" አሉኝ ሲኞራ። "ማነው ያጠበኝ?"

"ልጅዎ፣ ሲኞራ። እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ጃንፍራንኮ?" አሉ። "ጃንፍራንኮ አጥቦ የሚያውቀው መኪናውን ነው።"

ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ወደ ኋላ ተመልሼ፣ ቃል በቃል ስፈታ የማን ቀን እንደሆነ ልብ ያላልኳቸውን የድሮዎቹን አገላበጥኩ። የሌሊቱ ሕልም አለ። የሾርባው ነገር አለ። ራሴ ስለ አባቴ ሞት የነገርኩት እንኳ "አንድ ወዳጄ" ተብሎ ገብቷል። የኔ ቀን ነው ሁሉም። ስር ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ሰው፣ "እንዴት ያለ ልጅ ነህ፣ እናትህ የታደለች ናት" እያለ ጽፏል። እናንተም ጽፋችኋል። "ይህ ሰው በሕይወት ያለ ቅዱስ ነው" ያለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም።

ማታ ሲደውል አላስቻለኝም።

"ሲኞር ዲያቆን፣ የእናትዎን እግር ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"አዎን፣ ግራዚያ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።"

"ጽሑፉ ላይ ያለው እርስዎ ነዎት።"

"አየሽ፣ ጽሑፍ ላይ 'እኔ' ሲባል አንድ ሰው አይደለም። ሁላችንም ነን። መንፈሳዊ 'እኔ' ነው።"

"እንግዲያው መንፈሳዊው እኔ ሰኞ ዕለት ገላ ስለሚታጠቡ መጥቶ እንዲያግዘኝ ይንገሩልኝ።"

በዚያው ለስላሳ የስብከት ድምፁ፣ "ሶጆርኖሽ የሚታደሰው መቼ ነበር?" አለኝ።

ሶጆርኖው የሚታደሰው እሱ ሲፈርም ነው። ገባኝ። በማግስቱም "ማማ ምን አለች?" ሲለኝ ነገርኩት። ምን ላድርግ? እናንተ ሰው አፉን ከፍቶ እውነት ሲናገር የምታጨበጭቡት ፊልም ላይ ነው። ደግሞም እናቴ ጠዋት ጠዋት አስተንትኖውን ሳትሰማ ቁርስ አትቀምስም ብሎ ተክሌ ነግሮኛል። እያቃረኝ እተረጉም ነበር።

ፋሲካቸው ሲቃረብ፣ ጸሎተ ሐሙስ ዋዜማ ላይ፣ ሳይነግረኝ መጣ። ሚስቱንም ይዟት መጥቷል፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ይዛለች። እናቱ ሲያዩት ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዩ! እጃቸው ፀጉራቸውን ሊያስተካክል ሄደ። "ጃንፊ" አሉት፣ የልጅነት ስሙን። እሱ ግንባራቸውን ሳመና ዞር ብሎ፣ "ግራዚያ፣ ገንዳውን አምጪ። መጋረጃውንም ክፈቺ፣ ብርሃን ያስፈልጋል" አለኝ።

አመጣሁ። ሊያጥባቸው ነው ብዬ ልቤ ለስለስ አለ፣ እውነቴን ነው። ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ። ሚስቱ "እጅጌህን ጠቅልል... አሁን ቀና በል... ሲኞራ፣ እሱን ይዩት እንጂ እኔን አይዩኝ" እያለች ዙሪያውን ትዞራለች። ቀኝ እግራቸውን በሁለት ጣት አንስቶ ውሃ አፈሰሰበት። ሳሙና አልነካም። ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሚስቱ "ወጥቷል፣ ቆንጆ ነው" አለች። ተነሳ። ፎጣውን ለኔ ሰጠኝ።

ሲኞራ ኤልቪራ ቀኝ እግራቸው እንደረጠበ፣ ግራው ካልሲ እንዳደረገ ቀና ብለው አዩት።

"ሌላኛውስ?" አሉት።

"ፎቶው ወጥቷል፣ ማማ።"

እንዲህ ነው ያለው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ኮቱን ለበሰ፣ ሌላ ቦታ እንደሚጠብቁት ተናገረ፣ ምርቃት ሰጥቶን ወጣ። ተንበርክኬ ግራውን ካልሲ ሳወልቅ፣ "ተዪው፣ ውሃው ቀዝቅዟል" አሉኝ። ሌላ ውሃ አሞቅሁ። ሁለቱንም እንደገና አጠብኩ፣ በሳሙና፣ ጣት በጣት። ሲያለቅሱ አየሁ እንጂ አልሰማሁም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "ከነገ ጀምሮ ክርስቶስ ያለውን ብቻ አንብቢልኝ። ልጄ ያለውን ተዪው።"

እንደዚያው አደረግን። ወንጌሉን አነባለሁ፣ ከዚያ ዝም እንላለን። አስተንትኖ ማለት ይሄ ይመስለኛል፣ ግን እኔ ሰባኪ አይደለሁም።

ፎቶውን እናንተም አይታችሁታል። ጋሽ ዮሴፍ የፕሮፋይል ምስላቸው አድርገውት ነበር።

የነሱ ክረምት ብርዱን ይዞ ሲገባ ሲኞራ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ "ቤተሰብ ጥሪ" ብሎኝ ደወልኩለት። ሌላ ከተማ ስለ ምሕረት ንግግር እያደረገ ነበር፤ አልቀልድም፣ ርዕሱ እሱ ነበር። "እስከ ማታ ትቆያለች?" አለኝ። እናቱ እጄን ይዘው፣ "መጣ?" ይሉኛል። "መንገድ ላይ ናቸው" እላቸዋለሁ። "መጣ?" "እየደረሱ ነው።" ሳይደርስ ሄዱ። ገብቶ ሲያያቸው አልጋው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ልቅሶው የእውነት ነበር፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰውም አልነበረም። ሊታዘንለት ይገባ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ትራሱን አስተካክዬ መስኮቱን ከፍቼ ወጣሁ። ስለ ምሕረት ያን ያህል ጽሑፍ ተርጉሜ ለሱ የሚሆን አንዲት ጠብታ ከውስጤ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም።

ለቀብሩ ቤተ ክርስቲያኑ ግጥም አለ፤ አንባቢዎቹ ከየቦታው መጥተው። "በመጨረሻዎቹ ወራት በእጄ አጠብኳት" ብሎ ሲሰብክ ሰው መሐረብ አወጣ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ፣ "እንዲህ ያለ ሰው ቤት መሥራትሽ መታደል ነው" አለችኝ። "ዕድሌ ነው" አልኳት። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ሊረከበኝ መጣ። "ቤቱ ሊሸጥ ነው። ግን ክርስቲያኖች ነን፣ እስከ እሁድ መቆየት ትችያለሽ" አለኝ።

ክፍል ፍለጋ ወጣሁ። አንዱ አከራይ በሩን በግማሽ ከፍቶ፣ "የምትሠሪው ምግብ ይሸታል?" አለኝ።

"ሽሮ ነው።"

"ሽሮ ይሸታል?"

"ካልሸተተማ ሽሮ አይደለም።"

ዘጋው። በመጨረሻ ከአንዲት የፔሩ ሴት ጋር ክፍል ተጋራሁ፣ የሷም ምግብ ይሸታል። ሥራ ያገኘሁት የፎቅ ቤቶችን ደረጃ ማጠብ ነው። አዲሱ አሠሪ ፈርሞልኛል፣ ሶጆርኖው ግን "በሂደት ላይ ነው"፤ በሂደት ላይ ሆኖ ወራት አለፉት። እስኪወጣ ድረስ ወጥቼ ልመለስ ስለማልችል እናቴን ማየት አልችልም።

ያኔ ነው ግሩፑ ላይ በድምፅ የላክሁላችሁ። የሚያስፈራኝ አልነበረም። "ይህ ሰው የእናቱን እግር አጥቦ አያውቅም፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ምን እንደመለሳችሁልኝ ታስታውሳላችሁ? ግማሹ ዝም አለ። አንዷ "እህቴ፣ አትፍረጂ ይላል ቃሉ" አለችኝ። ጋሽ ዮሴፍ ደግሞ በአክብሮት፣ "ልጄ አሰለፈች፣ ሸክምሽን ተረድተናል፣ እንጸልይልሻለን። የነገው አስተንትኖ ግን እንዳይቀር" አሉኝ። ይኸው እናንተ! ያጠበችው ለምን ታደክማችሁ፣ የጻፈው እያለ። ከግሩፑ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ምን ትላለች ብዬ ለመደወል ፈራሁ። እሷው በተክሌ ስልክ ደወለችልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ባልዲዬን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ሰማሽ አይደል? ዋሸሁሽ። ያ ሁሉ ጽሑፍ ውሸት ነው።"

"ምኑ ነው ውሸቱ?"

"ሰውየው አላደረገውም።"

"እሱማ አላደረገውም" አለችኝ፣ ቀላል ነገር እንደነገርኳት። "አንድ ቀን ተክሌ ሲያነብልኝ፣ አሮጊቷ አልበላም ስትል ማንኪያውን ራሱ ቀምሶ 'ውይ እንዴት ይጣፍጣል' እያለ አስቀንቷት እንዳበላት ይላል። አባትሽ ታሞ የተኛ ጊዜ እንደዚያ የምታደርጊው አንቺ ነበርሽ። ያን ቀን ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ተክሌን 'የእግዚአብሔሩን እለፈውና ቤት ውስጥ ያለውን አንብብልኝ' እለው ነበር።"

ባልዲውን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረግኩ።

"ስትደውዪ ሁልጊዜ 'ደህና ነኝ' ነው የምትዪኝ" አለች። "የምትውይበትን የማውቀው በጽሑፉ ነበር። አሁን አሮጊቷ ሞቱ። በምን ልወቅ?"

"እነግርሻለሁ፣ እማዬ።"

"እሺ ንገሪኝ። ዛሬ ምን አደረግሽ?"

"ደረጃ አጠብኩ።"

"የማን?"

ወደ ላይ አየሁ። በየፎቁ የተዘጉ በሮች አሉ፤ አንዳቸውንም ተከፍቶ አይቼ አላውቅም።

"አላውቃቸውም" አልኳት።

ከዚያ ማዶ የሰፈሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ተክሌ ከአንድ ሰው ጋር ያወራል፣ መኪና ያልፋል። እናቴ ሌላ ነገር እንድጨምር ጠበቀች። እኔም የምጨምረው እየፈለግሁ፣ ከበሮቹ አንዱ ይከፈት እንደሆን ወደ ላይ አየሁ።